ስቶክሆልም በበጋ፦ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሦስት ቀን መመሪያ

መጀመሪያ የወቅቱን ነገር እናጥራ። የስዊድን በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ። ከዚህ በታች የተጻፉት ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹም አገሬው እንደሚጽፋቸው ከ0 እስከ 24 የሚቆጠሩ ናቸው። 8:30 ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ 18:00 ደግሞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቲኬት ላይ የተጻፈን ሰዓት በለመዱት አቆጣጠር ያነበበ ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ይስታል፤ የያዘው የሙዚየም ወይም የጀልባ ቀጠሮም ያመልጠዋል።

የስቶክሆልም በጋ አንድ ባሕርይ አለው፤ እሱን የያዘ ጎብኚ ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። በጁን መጨረሻ ፀሐይ 3:30 ገደማ ወጥታ የምትጠልቀው 22:10 አካባቢ ነው። ሙዚየሞቹ ግን ከ17:00 እስከ 18:00 ባለው ጊዜ በራቸውን ይዘጋሉ። ብርሃኑ ሳያልቅ በር ይዘጋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፦ አርፍዶ ይነሳል፣ የመርከብ ቱሪስት በሚርመሰመስበት ሰዓት አሮጌውን ከተማ ይዞራል፣ ሙዚየም ሲደርስ መዝጊያው ቀርቧል፤ ማታ ደግሞ ፀሐይ ፍንትው ብላ እያለ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። ስለዚህ የሚከፈልበትን በጠዋት፣ ነጻውን በማታ ያድርጉ። የሚከተለው ዕቅድ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መቼ ይሻላል?

ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት ሁሉም ያምራሉ፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ግን ይጠንቀቁ። የበጋ አጋማሽ በዓል፣ ሚድሶማር፣ ዋዜማው ሁልጊዜ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ የሚውለው ዓርብ ነው። ያን ዕለት የከተማው ሰው ወደ ገጠር ቤቱና ወደ ደሴቶቹ ይወጣል፤ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል። የሦስት ቀን ጉብኝትዎ እዚያ ላይ ካረፈ ምግብ ቀደም ብለው ሐሙስ ዕለት ይሸምቱ። በጁላይ የስዊድን ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ስለሚሆን በመኖሪያ ሰፈሮች ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ የመሀል ከተማው ግን ክፍት ነው። መዋኘት የሚፈልግ ሰው ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ይምጣ፤ ውሃው የሚሞቀው ያኔ ነው። ይሞቃል ማለት ግን 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል ለማለት ነው፤ የላንጋኖ ውሃ እንዳይጠብቁ።

ከመነሳትዎ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ፈቃድ) ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ የበጋ ቀጠሮም ቶሎ ይሞላል። ለጁላይ ጉዞ በፌብሯሪ ወይም በማርች መጀመር ይበጃል። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፤ ደግሞም ለሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት።

ሰው የሚሰናከለው ባብዛኛው በሦስት ነገር ነው። የኢንሹራንሱ ቀን ከአውሮፕላን ቲኬቱ ቀን ጋር ሳይገጥም ይቀራል። የሆቴሉ ማስያዣ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ይሸፍናል። ወይም ማመልከቻው ለተሳሳተ አገር ይገባል፤ ስቶክሆልም ሦስት ቀን፣ ጀርመን ደግሞ አምስት ቀን ከሆነ ማመልከት ያለብዎት ለጀርመን ነው። ማረፊያ ሲይዙ ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ይምረጡ፤ ቪዛው ቢዘገይ ገንዘብዎ አይቃጠልም።

በሌላ የሸንገን ከተማ አውሮፕላን የሚቀይሩ ከሆነ ፓስፖርትዎ የሚታየው እዚያ ነው፤ የስቶክሆልም ኤርፖርት አርላንዳ ሲደርሱ እንደ አገር ውስጥ በረራ ወጥተው ይሄዳሉ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በመግቢያው ላይ የጣት አሻራና ፎቶ መመዝገብ ስለተጀመረ ወረፋው ሊረዝም ይችላል። በመቀየሪያው ከተማ ሁለት ሰዓት እንኳ ቢኖርዎት መልካም ነው። የማረፊያ ማስያዣ፣ የመመለሻ ቲኬትና ኢንሹራንስ በወረቀት ታትመው የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት ግን አያልቅበትም።

ሻንጣው ትንሽ ይሁን። ቀን 23 ዲግሪ የነበረው አየር ማታ ጀልባ ላይ ሹራብ ያስመኛል፤ ዝናብም በጁላይና በኦገስት አይጠፋም። ከጃንጥላ ይልቅ ኮፍያ ያለው ስስ የዝናብ ልብስ ይሻላል፤ የባሕሩ ነፋስ ጃንጥላ ይገለብጣል። ሌላው መያዝ ያለበት፦ የዓይን መሸፈኛ (ሌሊቱ በቅጡ አይጨልምም፤ የሁሉም ሆስቴል መጋረጃ ወፍራም አይደለም)፣ ትንሽ ጓጉንቸር፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የዋና ልብስ፣ የሚታጠፍ ስስ ፎጣ፣ የተለማመደ ጫማ። የአሮጌው ከተማ ኮብልስቶን አዲስ ጫማና ባለ ጎማ ሻንጣን አይምርም።

ገንዘብ

የስዊድን ገንዘብ ክሮና ነው፤ ዩሮ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ስቶክሆልም ጥሬ ገንዘብ የማትፈልግ ከተማ ናት። ካፌ፣ ሙዚየም፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር በካርድ ብቻ ይሠራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ገንዘብ አይቀበልም። ዶላር ወይም ዩሮ አስመንዝሮ ኪሱን የሞላ ሰው ገንዘብ ይዞ የቡና መግዣ ያጣል። አገሬው ስዊሽ በተባለ የስልክ መክፈያ ይገባበያል፤ ይህ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ስለሚጠይቅ ለእንግዳ አይሆንም።

ብቻዎን ነዎትና ካርዱ ቢጠፋ ወይም ማሽን ቢውጠው የሚያበድር ጓደኛ የለም። ሁለት ዓለም አቀፍ ካርዶች ይያዙ፤ አንዱ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። የምስጢር ቁጥራቸውን በቃል ያጥኑ፤ ለውጭ አገር ግብይት መከፈታቸውንም ከመነሳትዎ በፊት ባንክዎን ጠይቀው ያረጋግጡ። የመክፈያ ማሽኑ «በክሮና ወይስ በሌላ ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀ ክሮናን ይምረጡ፤ ሌላውን ከመረጡ የምንዛሪውን ዋጋ የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ለእርስዎም አያዳላም።

ከአርላንዳ ወደ ከተማ

አርላንዳ ከመሀል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን ነው። መንገዱ አራት ነው፤ የዋጋ ልዩነቱም ሰፊ ነው።

ፈጣኑ ባቡር፣ አርላንዳ ኤክስፕረስ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ዋጋው ለአንድ መንገድ ከ300 ክሮና በላይ ነው። ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ጊዜ ካላጠረው በቀር የሚያዋጣ አይደለም። ዕድሜዎ ከ26 በታች ከሆነ ግን የወጣት ቅናሹን ይጠይቁ። የኤርፖርት አውቶቡሱ 45 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያወርዳል፤ ዋጋው ከፈጣኑ ባቡር ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በኢንተርኔት ቀድሞ ለገዛ ይረክሳል። ከባድ ሻንጣ ላለውና ሌሊት ለሚደርስ ሰው ይህ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የከተማው ትራንስፖርት፣ የኤስኤል፣ የቅርብ ርቀት ባቡር ነው። ከአርላንዳ ሴንትራል ጣቢያ ተነስቶ 40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ስቶክሆልም ሲቲ ይገባል። እዚህ ጋ ወጥመድ አለ፦ የኤስኤል ቲኬት ቢኖርዎትም በኤርፖርቱ ጣቢያ ለማለፍ ብቻ 150 ክሮና ገደማ ተጨማሪ ይጠየቃሉ። የሦስት ቀን ቲኬት ገዝተው «ሁሉንም ይሸፍናል» ብለው የሚወርዱ ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ነው።

አራተኛው ያንን ክፍያ የሚያስቀረው ነው። ከተርሚናሉ ውጭ 583 ቁጥር አውቶቡስ ይሳፈሩ፤ ሜርስታ ባቡር ጣቢያ ይውረዱ፤ ከዚያ ወደ ስቶክሆልም ሲቲ የሚሄደውን ባቡር ይያዙ። ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ ተራ የኤስኤል ቲኬት ብቻ ይበቃል። ነጠላ ቲኬት 75 ደቂቃ ስለሚያገለግል ለሁለቱም ጉዞ ይሆናል። የጉዞ ድካም ካልበረታብዎ ይህን ይምረጡ።

ታክሲ ከፈለጉ ዋጋውን አስቀድመው ይጨርሱ። በስዊድን የታክሲ ታሪፍ በመንግሥት አልተገደበም፤ እያንዳንዱ ድርጅት የፈለገውን ይጠይቃል፤ ሕጉ የሚያስገድደው ዋጋውን እንዲለጥፍ ብቻ ነው። በኋላ በር መስኮት ላይ ባለው ቢጫ ወረቀት በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የ10 ኪሎ ሜትርና የ15 ደቂቃ ጉዞ ማነጻጸሪያ ዋጋ ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ቁጥር የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ተራ መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ የፈለጉትን መርጠው መሳፈር ይችላሉ። «ቋሚ ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ይለፉት።

የኤስኤል ቲኬት ስሌት

አንድ ቲኬት ሜትሮውን (የምድር ውስጥ ባቡሩን)፣ አውቶቡሱን፣ ትራሙን፣ የቅርብ ርቀት ባቡሩንና አንዳንድ ጀልባዎችን ይሸፍናል። ነጠላው 43 ክሮና ገደማ ነው። የ24 ሰዓቱ 180፣ የ72 ሰዓቱ 360፣ የሰባት ቀኑ 470 ገደማ ናቸው። ቁጥሮቹ በየዓመቱ ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ዝምድናቸው ግን ብዙም አይለወጥም። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚሳፈሩ ከሆነ የ72 ሰዓቱ ያዋጣል፤ ከአርላንዳ መምጣትና መመለስን ጨምሮ ዘጠኝ ጊዜ ሳያስቡት ይሞላል። ቆይታዎ አራት ቀን ከሆነ በ72ቱ ላይ ነጠላ ከመደራረብ የሰባት ቀኑን መግዛት ይቀላል።

የሚገዛው በኤስኤል መተግበሪያ፣ በጣቢያ ማሽኖች ወይም ፕሬስቢሮን በሚባሉት ኪዮስኮች ነው። የባንክ ካርድን በቀጥታ በሩ ላይ ነካ አድርጎ ማለፍም ይቻላል፤ ይህ ግን ነጠላ ቲኬት መግዛት ነው። በ75 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ሲሳፈሩ ያንኑ ካርድ ይንኩ። ስልክ ላይ የተጫነው ካርድና ፕላስቲኩ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው፤ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩን የነካ ሰው ሁለቴ ይከፍላል። ያለ ቲኬት የተገኘ ቅጣቱ ከ1,500 ክሮና አያንስም፤ «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅሁም» የሚለው ቃል ተቆጣጣሪውን አያራራውም።

ጀልባዎቹን አይርሱ። ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት የሚሻገረው 82 ቁጥርና ከኒብሮፕላን ተነስቶ ወደ ናካና ሊዲንጎ ዳርቻዎች የሚሄደው 80 ቁጥር በኤስኤል ቲኬት ይሠራሉ። ከተማዋ በሜላረን ሐይቅና በባልቲክ ባሕር መገናኛ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ናትና ከውሃው ላይ ሆኖ የማያያት ሰው ግማሿን አላያትም። የቱሪስት ጀልባዎች በብዙ መቶ ክሮና የሚያሳዩትን አብዛኛውን እነዚህ ሁለቱ ያሳያሉ። ገለጻ የሚሰጥ አስጎብኚ የለም፤ ብዙም አይጎድልም።

ማረፊያ

ለብቸኛ ሰው ሆስቴል ይሻላል፤ የጋራ ክፍል አልጋ በበጋ ከ300 እስከ 500 ክሮና ገደማ ይጠይቃል። ሶደርማልም ወይም ኖርማልም በሚባሉት ሰፈሮች ውስጥ፣ ከሜትሮ ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ይምረጡ። ከመያዝዎ በፊት ሁለት ነገር ያንብቡ። አንደኛ፣ በብዙ የስዊድን ሆስቴሎች አንሶላና ፎጣ ከዋጋው ውጭ ነው፤ ካልያዙ ይከራያሉ። ሁለተኛ፣ መስተንግዶው ማታ ይዘጋል፤ የበሩ ቁጥር በኢሜይል ይላካል። 23:00 ላይ ኢንተርኔት በሌለው ስልክ በር ላይ መቆም ደስ አይልም፤ ኢሜይሉን ቀድመው ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የጋራ ኩሽና ያለበት ከሆነ ደግሞ የእራት ወጪ በግማሽ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ማታ

ሻንጣዎን ካስቀመጡ በኋላ አይተኙ። ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ ይግዙና በቀዩ ሜትሮ ማሪያቶርየት ይውረዱ። ከዚያ ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ሲወጡ ሞንቴሊዩስቬገን የምትባል 500 ሜትር ያህል የምትረዝም የገደል ዳር መንገድ ያገኛሉ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ አሮጌው ከተማና የሐይቁ ውሃ ከፊትዎ ተዘርግተው ይታያሉ። አግዳሚ ወንበር አለ፤ ክፍያ የለም። ሰው ከበዛ ትንሽ ወደ ምዕራብ ይሂዱና ሺናርቪክስበርየት የተባለው ዓለት ላይ ይውጡ፤ በመሀል ከተማው ከተፈጥሮ ከፍታዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ከ20:00 በኋላ ቁልቁል ወርደው ስሉሰንን ተሻግረው ጋምላ ስታን ይግቡ። ቀን ለቀን ሰው ከሰው የሚጋፋበት አሮጌ ከተማ በዚህ ሰዓት ይተነፍሳል። ሞርተን ትሮትሲግስ የምትባለው መተላለፊያ በጠበበችበት ቦታ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ 36 ደረጃ አላት፤ ቀን ከሄዱ ፎቶ የሚነሳ ሰው ወረፋ ይጠብቁላታል። ስቱርቶርየት አደባባይ በ1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ የስዊድንን መኳንንትና ጳጳሳት ያሳረደበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ካፌ ከቦታል። እዚያ እራት አይብሉ፤ የሚከፍሉት ለአደባባዩ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ትይዩ ካለው የፊንላንዳውያን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ ጨረቃን የሚያይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የወንድ ልጅ የብረት ሐውልት ተቀምጧል። በብርድ ጊዜ ሰዎች ኮፍያ ሠርተው ያለብሱታል።

ሁለተኛው ቀን፦ ቫሳ

ለአንድ ሙዚየም ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለዎት ለቫሳ ያውሉት። ከጁን እስከ ኦገስት የሚከፈተው 8:30 ነው፤ መግቢያው ከ200 ክሮና በላይ ነው። ልክ ሲከፈት ይድረሱ፤ ከ10:30 በኋላ የአስጎብኚ ቡድኖች ይገባሉ፤ እስከ 15:00 ድረስም አይቀሉም። በ82 ቁጥር ጀልባ ወይም በ7 ቁጥር ትራም ይመጣሉ።

ቫሳ ኦገስት 10 ቀን 1628 ከወደብ ወጥታ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ሄዳ የሰጠመች የጦር መርከብ ናት። ምክንያቱን ሳያውቁ ቢያዩዋት ትልቅ እንጨት ናት፤ ስለዚህ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይመልከቱ። መጀመሪያ ከታችኛው ወለል ሆነው የሆዷን ቅርጽ ይዩ፤ ለቁመቷ ጠባብ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቅ ድንጋይ መያዣ ቦታዋም አንሷል። ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ ሁለቱን የመድፍ ደርብ ይቁጠሩ፤ 64 መድፍ ተሸክማለች፤ አብዛኛው ከባድ ነው። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየሮጡ መረጋጋቷን ፈትነው ነበር፤ ከሦስት ሩጫ በኋላ እንዳትገለበጥ ተፈርቶ ፈተናው ተቋረጠ፤ መርከቧ ግን ሄደች። ነፋስ ሲያዘነብላት በተከፈቱት የታችኛው ደርብ መድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። ለ333 ዓመት ሳትበሰብስ የቆየችው የባልቲክ ውሃ ጨው ያነሰው በመሆኑ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል ስለማይኖርበት ነው። ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ወጣች፤ ከዚያም እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ለ17 ዓመት ልዩ ፈሳሽ ሲረጭባት ኖረ።

ሁለት ሰዓት ይመድቡ፤ የእንግሊዝኛው ገለጻ ከመግቢያው ጋር ይካተታል። አዳራሹ ለመርከቧ ሲባል ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነው፤ ሹራብዎን አይርሱ። ፎቶ በቅጡ አይወጣም፤ ብዙ አይታገሉ።

ሲወጡ ዩርጎርደን ራሱ አረንጓዴ ደሴት ነው፤ የሚቀጥለውን ሰዓት በእግር ያሳልፉ። ስካንሰን፣ በ1891 የተከፈተው ከቤት ውጭ በሜዳ ላይ ያለ ሙዚየም፣ ከስዊድን ዙሪያ የተሰበሰቡ አሮጌ ቤቶችና የሰሜን አገር አራዊት አሉት፤ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ከቫሳ ጋር በአንድ ቀን ማጣመር ግን እግር ይጨርሳል። የስዊድኑ የሙዚቃ ቡድን የአባ (ABBA) ሙዚየም ለአፍቃሪዎቹ ነው። የግሮና ሉንድ መጫወቻ ደግሞ ብቻዎን ሲሆኑ አይጥምም።

ማታውን ለዋና ያድርጉት። በቀዩ ሜትሮ ሆርንስቱል ወርደው አሥር ደቂቃ ሲራመዱ ሎንግሆልመን ደሴት ይደርሳሉ፤ እስከ 1975 እስር ቤት የነበረባት ናት። አሸዋና ሣር ያለው ትንሽ መዋኛ ቦታ አለ፤ ነጻ ነው። ብቻውን የሚዋኝ ሰው ዕቃውን ለማን ይተዋል? ወደ ውሃው ቅርብ ካለ ቤተሰብ ጎን ይቀመጡና «ለአምስት ደቂቃ ይዩልኝ» ይበሉ፤ ፓስፖርቱ ግን ሆስቴል ይቆለፍ። ውሃው ድንገት ስለሚጠልቅና ስለሚቀዘቅዝ ዘሎ መግባት አይገባም።

ሦስተኛው ቀን፦ አየሩ ይወስን

በዋዜማው ማታ የስዊድን ሜትዎሮሎጂ ተቋም፣ የኤስኤምኤችአይ፣ ትንበያ ይመልከቱ። ፀሐይ ከሆነ ወደ ደሴቶቹ፣ ዝናብ ከሆነ ወደ ምድር ውስጥ። ሁለተኛው ቀን ፀሐያማ፣ ሦስተኛው ዝናባማ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፤ ቫሳ ዝናብ አይነካትም።

ለፀሐይ፦ ከስቶክሆልም በስተምሥራቅ 30,000 ገደማ ደሴቶችና ዓለቶች ተበትነዋል። በሦስት ቀን ጉዞ ራቅ ወዳለው መሄድ ጊዜ ይበላል፤ ቫክስሆልም ይበቃል። ከስትሮምካየን ወደብ የሚነሱት ነጫጭ የቫክስሆልም ኩባንያ ጀልባዎች አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ክፍያው በካርድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጀልባው ስለሚሞላ 20 ደቂቃ ቀድመው ይቁሙ። በቀለም ያሸበረቁትን የእንጨት ቤቶችና ምሽጉን አይተው ሲያበቁ በጀልባ አይመለሱ፤ 670 ቁጥር አውቶቡስ በኤስኤል ቲኬትዎ ቴክኒስካ ሆግስኮላን ሜትሮ ጣቢያ ያደርስዎታል። መንገዱ ሌላ ነው፤ ወጪውም ዜሮ። በደሴቶቹ ሣር ውስጥ መዥገር አለ፤ በሽታም ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ያድርጉ፣ ማታ ጉልበት ጀርባና ብብት ይፈትሹ፤ ካገኙ በመቆንጠጫ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ።

ለዝናብ፦ ሜትሮው ራሱ የሥዕል አዳራሽ ነው፤ ከ100 ጣቢያዎቹ ከ90 በላይ የሚሆኑት የጥበብ ሥራ አላቸው። ከኩንግስትሬድጎርደን ይጀምሩ፤ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ቅርሶች እዚያ ተተክለዋል። በሰማያዊው መስመር ቲ-ሴንትራለን ይውረዱ፤ ነጭ ዓለት ላይ ሰማያዊ የሐረግ ሥዕል አለ። ቀጥሎ ሮድሁሰት፣ ከዚያ በ11 ቁጥር ወደ ሶልና ሴንትሩም፤ ቀይ ሰማይና አረንጓዴ ጫካ ተስሎበታል። 11 እና 10 ቁጥር በመንገድ ይለያያሉ፤ በ10 ከተሳፈሩ ሶልና ሴንትሩምን አያዩትም። ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከ7:30 እስከ 9:00 እና ከ16:00 እስከ 18:00 ያለውን ሰዓት ግን ለሠራተኛው ይተዉለት።

አየሩ ምንም ይሁን ምን ጠዋቱን በማዘጋጃ ቤቱ ይጀምሩ። በ1923 የተመረቀ ነው፤ ውስጡ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። የኖቤል እራት በየዲሴምበር 10 የሚበላው በሰማያዊው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አዳራሹ ግን ሰማያዊ አይደለም፣ አርክቴክቱ ቀይ ጡቡን ወድዶት ሳይቀባው ተወው። የሰላም ሽልማቱን እዚህ የሚፈልግ ካለ፣ እሱ የሚሰጠው በኦስሎ ነው። 106 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በበጋ ይከፈታል፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው የተገደበ ስለሆነ ቲኬቱን በጠዋት ይያዙ።

ምግብ

ዋናው ምግብዎ ምሳ ይሁን። በሥራ ቀን ከ11:00 እስከ 14:00 ምግብ ቤቶች «ዳገንስ ሉንች» የሚሉት የዕለቱ ምሳ አላቸው፤ ከ130 እስከ 160 ክሮና ገደማ ከፍለው ሰላጣ፣ ዳቦና አብዛኛውን ጊዜ ቡናም ጨምረው ይበላሉ። ያው ምግብ ማታ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለብቸኛ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፦ በምሳ ሰዓት ግማሹ ተመጋቢ ብቻውን ስለሆነ ማንም አያይዎትም። የቧንቧ ውሃ ንጹሕ ነው፤ የታሸገ አይግዙ። ለጾመኛ «ቬጋንስክ» የሚለው ቃል ይበቃል፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም የሌለበት ማለት ነው። «ቬጌታሪስክ» ግን አይብ ሊኖርበት ይችላል። ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ በሱቅ የሚሸጠው ሲስተምቦላጌት በሚባለው የመንግሥት መደብር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል፣ እሁድ አይከፈትም፣ ዕድሜም 20 ይጠይቃል።

ሱቅና ፋርማሲ ሲገቡ ሰልፍ ካላዩ ወረፋ የለም ማለት አይደለም፤ በሩ አጠገብ ካለው ማሽን የቁጥር ወረቀት ይቁረጡ። ሳይቆርጡ የቆመ ሰው ሲታለፍ ይውላል፤ ማንም አይነግረውም።

ብቻዎን ሲሆኑ

ከተማዋ በማታ ለመራመድ አታስፈራም። ኪስ አውላቂ ግን ቲ-ሴንትራለን፣ ድሮትኒንግጋታንና ጋምላ ስታን አይጠፋም፤ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አይተው። የብስክሌት መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ከሌባ የበለጠ የሚያጋጥም አደጋ ነው፤ ብስክሌተኛው ይፈጥናል፣ አይቆምም። ለድንገተኛ አደጋ 112፣ ለሕክምና ምክር 1177 ነው። ሰው አጠገብዎ አለመቀመጡን እንደ ጥላቻ አይቁጠሩት፤ ከጠየቁት ግን ሥራውን አቁሞ በጥሩ እንግሊዝኛ ይመልስልዎታል።

መመለሻ

የ72 ሰዓቱ ቲኬት የሚቆጠረው ሥራ ላይ ከዋለበት ደቂቃ ነው። ሐሙስ 14:00 አርላንዳ ላይ ከጀመሩት እሁድ 14:00 ያበቃል። በሜርስታ በኩል የሚመለሱ ከሆነ የ583 አውቶቡስ ውስጥ ከዚያ ሰዓት በፊት መግባት አለብዎት፤ ካለፈ ነጠላ ይግዙ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ባቡሩ በጥገና ምክንያት በአውቶቡስ ሊተካ ስለሚችል በዋዜማው ማታ መተግበሪያውን ይክፈቱና የነገውን ሰዓት ይዩ። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት ለመድረስ ከመሀል ከተማ አራት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ይነሱ።